ለአንድ ቤት የተሰጠ ምሕረት

ትርንጎ የምትባል የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከሕንጻ ሥራ ላይ ወድቆ ወገቡ የተሰበረ ወንድሟን በቤቷ ታስታምም ነበር። ስታገላብጠው፣ ስታጥበው፣ ስታጎርሰው ከሥራ እየቀረች ልትባረር ደረሰች። እንደ እርሷ በየቤታቸው በሽተኛ የሚያስታምሙ የሰፈሯ ሴቶች ተሰባስበው «አስታማሚ ከሥራው አይባረር የሚል ደንብ ይውጣልን» ብለው ለከተማው ሹማምንት ሲያመለክቱ፣ እርሷም አብራ ቆማ ተናገረች። ከዚያ በኋላ አንድ ሹም ለብቻዋ አስጠራት። ለእርሷ ከፋብሪካው ኃላፊ ጋር ተነጋግሮ የግማሽ ቀን ሥራ እንደሚያሰጣት፣ እርሷ ግን ከሴቶቹ ተለይታ ነገሩን ለማንም ሳትናገር ዝም እንድትል መከራት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በእውነት አዝኖላት ነው።

ነገሩ እንቅልፍ ነሣት። በነጋታው ወንድሟን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደሚኖሩት ወደ መሪጌታ ጽጌ ሄደች። መሪጌታ ከቤታቸው ደጃፍ ካቡ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ትርንጎ ጉልበታቸውን ስማ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«አባቴ፣ ደክሞኛል» አለች በመጨረሻ። «ይህን ብቀበል ኃጢአት ይሆንብኛል? ወንድሜን ላኑር ብዬ እንጂ ማንንም አልበደልኩም።»

መሪጌታ ካቡ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት። «ተቀመጪ፤ ነገሩ ይረዝማል» አሏት። ከዚያም እንዲህ ሲሉ ጀመሩ።

አንድ ገበሬ ነበረ። አገሩ ቆላ ነው፤ ዝናብ የማይታመንበት። ሰው ሁሉ የሚያርሰው፣ ከላይ ከገደሉ ሥር ከወንዙ ተጠልፎ በሚመጣ አንድ ቦይ ነው። ቦዩን አሸዋ ይሞላዋል፣ ጎርፍ ይንደዋል፤ ስለዚህ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ መጠረግ አለበት። አባቶች ያወጡት ሕግ አጭር ነበር። በቦይ ቀን ከየቤቱ አንድ ጤነኛ ሰው ዶማ ይዞ ይወጣል፤ ያልወጣ ቤት እስከሚቀጥለው ጠረጋ ድረስ የውሃ ተራው ይዘጋል።

ሕጉ ክፉ አልነበረም። በእርሱ ምክንያት ሀብታሙም ድሃውም እኩል ቆፍሮ እኩል ያጠጣ ነበር። ያወጡት ሰዎች ግን ሲያወጡት ሁሉም ጤነኞች ነበሩ፤ ተኝቶ የሚቀር ሰው፣ እርሱንም ትቶ መሄድ የማይችል ሰው እንዳለ ትዝ አላላቸውም። በቦይ ቀን መንደሩ ወና ይሆናል። ጎልማሳው ዶማውን፣ አሮጊቷ ስንቁን ይዘው፣ ልጆችም ከብቱን እየነዱ ሁሉም ወደ ላይ ወደ ገደሉ ይወጣሉ።

ይህ ገበሬ ሚስት ነበረችው። እግዜር ልጅ ነሣቸው እንጂ ፍቅር አልነሣቸውም። ሴትዮዋ በአንደበቷ የታወቀች ነበረች፤ የተጣሉ ጎረቤቶች እርሷ ዘንድ መጥተው ሳይስቁ የተመለሱበት ቀን የለም ይባላል። አንድ ማለዳ እንስራዋን ልታነሣ ጎንበስ እንዳለች በዚያው ወደቀች። ነፍሷ ተረፈች፤ ግማሽ አካሏ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልታዘዛትም። አንደበቷም ተያዘ። ከዚያ ሁሉ ቃል የቀረላት ጥቂት ነበር፤ እርሱም ተኮላትፎ፣ ከባሏ በቀር ለማንም የማይገባ፣ ባሏም አንዳንዴ የሚጠፋበት።

ገበሬው አስታማሚ ሆነ። ማንም አላስተማረውም። አጥሚቱን ትን እንዳይላት በማንኪያ ጫፍ እየሰጠ እስክትውጥ ድረስ መጠበቅን ለመደ። በአንድ ጎኗ ብዙ ከተኛች ገላዋ ይቆስላልና እያገላበጠ፣ ጀርባዋን በለብታ ውሃ እየጠረገ ቅቤ መቀባትን ለመደ። ሴት በወጓ የምትሸፍነውን ሁሉ ገልጦ ያጥባት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅስ ነበር፤ ኋላ ልቅሶውንም ተወችው። አንድ ቀን ጠጉርሽን ልጎንጉንልሽ ብሎ ታግሎ ታግሎ እንደ በሬ ገመድ አወፈረው። እርሷም በእጇ ዳስሳ አገኘችውና፣ በደኅናው የከንፈሯ ወገን ሳቀች። ያን ሳቅ ለማየት ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አበላሽቶ ጎነጎነላት።

የቦይ ቀን መጣ። ብቻዋን ጥሏት ቢሄድ ትን ብሏት ትሞትብኛለች ብሎ ፈራና ቀረ። ውሃው ተዘጋበት። የጎረቤቱ ማሽላ ውሃ ጠጥቶ ሲለመልም የእርሱ አጠገቡ ቆሞ ጠወለገ። ያን ዓመት እህል ከዘመድ እየለመነ፣ ለእርሷ አጥሚት እያደረገ፣ እርሱ በተረፈው እየዋለ ከረመ።

የሚቀጥለው የቦይ ቀን ሲቃረብ ወደ ውሃው ዳኛ ቤት ሄደ። ዳኛው ውሃውን የሚያከፋፍል፣ ሕጉንም የሚያስጠብቅ ሽማግሌ ነው። ገበሬው የሚስቱን ነገር፣ የማሳውን መድረቅ፣ የራሱን መድከም አንድ በአንድ ነገረው። ዳኛው እርሱም በጉብዝናው ዘመን እናቱን ያስታመመ ሰው ነበርና፣ ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሕጉን ልለውጠው አልችልም» አለው። «ለአንተ ግን ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስምህ ሲጠራ ከላይ ነው የሚቆፍረው እላለሁ። አንተ ግን በርህን ቀርቅረህ ዋል። እቤት መሆንህን ማንም እንዳያይ። አንዱ ካወቀ ሁሉም ይመጣብኛል።»

ገበሬው ጉልበቱን ስሞ ወጣ። እስከ ቤቱ እያለቀሰ ሄደ፤ የደስታ እንባ ነበር። ልጄ፣ አትፍረጂበት። ጎርፍ የወሰደው ሰው የተዘረጋለትን እጅ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ከዚያ ወዲህ በቦይ ቀን በሩን ቀርቅሮ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ከሚስቱ አጠገብ ይውል ጀመር። ውሃው መጣለት። ማሽላው አፈራ። ሚስቱም ፊቷ መለስ አለ።

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። አንድ ልጅ ነበራት፤ እግሩ መሬት የማይረግጥ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት። ልጁ በጣለው ጊዜ በጎኑ ካስተኙት ይመለሳል፤ ካላስተኙት ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህች ሴት የጓዳ መንገድ አታውቅም። በሰንበት ጉባኤው ከደጀ ሰላሙ ውጭ እንደ ተሰበሰበ በሕዝቡ ፊት ቆመች።

«ልጄን በጎኑ የሚያስተኛው ሰው ያስፈልገዋል» አለች። «በቦይ ቀን ሰፈሩ ባዶ ነው። ወይ ከቦዩ ማሩኝ፣ ወይ ሰው ስጡኝ።»

ጉባኤው አጉረመረመ። አንድ ሀብታም ሰው ተነሥቶ፣ ዛሬ አንዷን ብንምር ነገ ሁሉም በጓዳው በሽተኛ ይፈልጋል፣ ቦዩን ማን ሊጠርገው ነው ብሎ ተናገረ፤ ብዙዎችም እውነት ነው አሉ። ሁሉም ወደ ዳኛው ተመለከቱ። ዳኛው መሬት መሬቱን እያየ «ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው» አለ።

ገበሬው ከኋላ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። ሕጉ ለሁሉም አንድ እንዳልሆነ ከዳኛው ሌላ የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው። ሊነሣ ቃጣው። ነገር ግን የደረቀው ማሽላ ታየው፤ ለልመና የቆመበት የዘመድ ደጅ ታየው፤ ሚስቱ ታየችው። እኔ ብናገር ለእርሷ አይደረግላት፣ ለእኔም ይቀርብኛል አለ በልቡ። ዝም አለ። ሴትዮዋም ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች።

የቦይ ቀን ደረሰ። ሴትዮዋ ልጇን አበላችው፤ እሳቱን አጠፋች፤ በወፍራም ምንጣፍ ላይ አስተኛችው። ቶሎ እመለሳለሁ ብላው ዶማዋን ይዛ ወጣች። በገበሬው ደጅ ስታልፍ በሩ እንደ ተዘጋ አየች። እርሱም ያችን ምስኪን ለብቻዋ ጥሎ መሄዱ ነው ብላ አዘነችለት።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ገበሬው ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ሰማ። መሬት የሚደበድብ ነገር ነው፤ ዱብ ዱብ ይላል። ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሄደ፤ እጁንም ከመወርወሪያው ላይ አኖረ። በዚያች ቅጽበት ስንቅ አድርሰው የሚመለሱ ሰዎች በመንገዱ ላይ እየተጫወቱ ሲመጡ ሰማ። አሁን ቢወጣ ያዩታል። እስኪያልፉ ልጠብቅ አለ። ጥጃ ይሆናል አለ። ከአልጋዋ ላይ ሚስቱ አንድ የተኮላተፈ ቃል ተናገረች፤ ዞሮ ሲያያት ደግማ ተናገረችው። ውሃ የጠየቀችው መሰለውና ተመልሶ በኩባያ አጠጣት። ሰዎቹ አለፉ። ድምፁም ቆመ። ቆመ እንግዲህ አለና ተቀመጠ።

ሴትዮዋ ስትመለስ ልጇን ፊቱን በምንጣፉ ላይ እንደ ደፋ አገኘችው።

በለቅሶው ላይ ገበሬው ከወንዶቹ መካከል ተቀመጠ። ሴትዮዋ ደረት አልመታችም፣ ፊቷንም አልነጨችም። ለሚያጽናናት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትመልስ ነበር። «በሰፈሩ አንድ ሰው ቢኖር እኮ በጎኑ ያስተኛው ነበር» ትላለች። «ሌላ ምንም አልነበረበትም። በጎኑ ማስተኛት ብቻ።» ገበሬው የዘገነው ንፍሮ በመዳፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ወደ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ እግር ሥር ተቀመጠና የሆነውን ነገራት። እርሷም ደኅናውን እጇን አንሥታ በሩን አመለከተችና ያን የተኮላተፈ ቃል እንደገና ተናገረችው። አሁን ገባው። ያን ቀን ያለችው ውሃ አልነበረም፤ «ሂድ» ነበር። ድምፁን እርሷም ሰምታዋለች። ገበሬው ራሱን በአልጋዋ ጠርዝ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ እርሷም እጇን በራሱ ላይ አኑራ አብራው አለቀሰች።

በማግስቱ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። ሴትዮዋ የልጇን ምንጣፍ በደጅ ታራግፍ ነበር።

«ያን ቀን ቤቴ ነበርኩ» አላት። ዳኛው እንደማረው፣ በሩን ቀርቅሮ እንደዋለ፣ ድምፁንም እንደሰማ ሳይደብቅ ነገራት። በጉባኤውም ስትለምን ከኋላዋ ተቀምጦ ዝም ማለቱን ነገራት።

የሴትዮዋ እጅ ቆመ። ስድብ ጠብቆ ነበር፤ እርግማንም ጠብቆ ነበር። እርሷ ግን ምንጣፉን ጠቅልላ ይዛ ገባች፤ በሩንም በላዩ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ገበሬው እንዴት እንዳሳለፋቸው እርሱም አላወቀ። የሚቀጥለው የቦይ ቀን እየቀረበ መጣ። በዚያ ቤት ተቀርቅሮ መዋል ሞት ሆነበት፤ ሚስቱን ብቻዋን ጥሎ መውጣትም አይቻለውም። ጭንቀቱን አይታ ሚስቱ እጁን ያዘች።

«ውሰደኝ» አለችው። ይህ ቃል ወዲያው ገባው።

እንዴት አድርጎ እንደሚወስዳት ጠየቃት። መንገዱ ዳገት ነው፤ ነፋሱ ከገደሉ ይወርዳል። ደግሞም ሰው ሁሉ በሳቋ የሚያውቃትን ሴት፣ አፏ ተጣሞ ለሐጯ ሲወርድ እንዴት አድርጎ በአደባባይ ያሳያታል። ይህን ሁሉ እያለ ሲከራከራት እርሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ይዩኝ» አለች።

ገበሬው ቃሬዛ አሰናዳ። በቦይ ቀን ማለዳ አጥቦ ንጹሕ ቀሚስ አለበሳት፤ ጠጉሯንም እንደ ልማዱ አበላሽቶ ጎነጎነላት። ተሸክሞ ከደጁ አወጣትና በቃሬዛው ላይ አስተኝቷት ቆመ። ቃሬዛ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሌላ ሰው ለምኖ አልነበረም፤ ማንን እንደሚለምንም አላወቀም። መንገደኞቹ ዶማቸውን ተሸክመው፣ ዓይናቸውን እየሰበሩ አለፉ። በኋላ ያች ባል የሞተባት ሴት ከቤቷ ወጣች። ቀርባ የተኛችውን ሴት አየቻት። ዶማዋን በቃሬዛው ላይ ከበሽተኛይቱ ጎን አስቀመጠችና የእግርጌውን እንጨት ያዘች።

«ለአንተ ብዬ አይደለም» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ።

እያረፉ ዳገቱን ወጡ። ሲደርሱ ሥራው ተጀምሯል። ገበሬው ሚስቱን ከቦዩ ዳር በአንድ ግራር ጥላ ሥር አስተኛት፤ ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገላት። ከዚያ ዶማውን ይዞ ቦዩ ውስጥ ገብቶ መቆፈር ጀመረ። አጠገቡ ያለው ሰው ቀና ብሎ አየና ዶማውን አቆመ። ከእርሱ ቀጥሎ ያለውም አቆመ። እንዲህ እንዲህ እያለ የዶማው ድምፅ ከታች እስከ ላይ ጠፋ፤ የሚቆፍረው ገበሬው ብቻ ሆነ።

ዳኛው እየተቻኮለ መጣ። ጎንበስ ብሎ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «ምን ማድረግህ ነው? እኔና አንተ ጨርሰን አልነበረም?» አለው።

ገበሬው ቀና አለ። ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ዳኛችን ምረውኝ ነበር» አለ። «ክፉ አላደረጉብኝም፤ ያዘኑልኝ እርሳቸው ብቻ ናቸው። ነገር ግን ምሕረቱ ለእኔ ብቻ ስለሆነ መደበቅ ነበረበት፤ ስለ ተደበቀም ልጁ ሞተ። ይህች ሴት እቤት መሆኔን ብታውቅ ልጇን ከእኔ ዘንድ ታስቀምጠው ነበር። ምሕረቱን መልሻለሁ። ወይ እንደ እኔ ላለው ሁሉ ይሁን፣ ወይ ለእኔም አይሁን።»

የሰው ሁሉ ልብ አልራራም። ሚስቱን ለገበያ አወጣት ያሉ ነበሩ፤ ገበና ገላጭ ያሉት ነበሩ። ያ ሀብታም ሰው፣ ስንት ሥራ እያለ ሊያስለቅሰን መጣ ብሎ ተቆጣ። ሚስቱ በግራሩ ሥር ሁሉንም እያየች ተኝታ ነበር፤ ፊቷን አልሸፈነችም። አንዲት አሮጊት ሄዳ፣ ነፋስ የገለጠውን እግሯን አለበሰችላትና አጠገቧ ተቀመጠች።

ያን ጊዜ አንድ ዝምተኛ ሰው፣ በቦይ ቀን ከሁሉ ቀድሞ በመምጣት የታወቀ፣ ዶማውን ጣለ። «እኔም ቤት አለ» አለ። አባቱ አእምሮው እንደጠፋ፣ ወጥቶ ገደል እንዳይገባበት በቦይ ቀን ከምሰሶው ጋር አስሮት እንደሚመጣ ለሕዝቡ ተናገረ። ቶሎ የሚመጣውም ቶሎ ጨርሶ ቶሎ ሊፈታው ነበር። ከእርሱ በኋላ አንዲት ሴት ተናገረች፤ ከዚያም ሌላ። ሰው የጎረቤቱን በሬ ቀለም ያውቃል፤ የጎረቤቱን በሽተኛ ግን አያውቅም ነበር። በዚያች መንደር ስንት ቤት በሩን በሰው ላይ ዘግቶ እንደሚወጣ ያን ቀን ታወቀ።

ሕጉ ግን ያን ቀን አልተለወጠም። እንባ አንድ ነው፣ ሕግ ሌላ ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሰው ልቡም ይመለሳል። በየሰንበቱ ጉባኤ ነገሩ ይነሣል፣ ይከራከሩበታል፣ ለሌላ ቀን ይባላል። ሐሰተኛው ቢበዛስ፣ ቆፋሪው ቢያንስስ ይባላል። ገበሬውና ያች ሴት በየጉባኤው እየቆሙ ያንኑ ይናገሩ ነበር። ሰው ሰለቻቸው፤ ገና ሲቆሙ «ደግሞ ተነሡ» የሚል ሹክሹክታ ይሰማል። ሴትዮዋን፣ አንቺ አሁን ምን ቀረሽ፣ ልጅሽ እንደሁ አይመለስ ያሏት ነበሩ። «የእኔማ አይመለስም» ትላለች፤ ብላም አትቀመጥም።

በዚህ መካከል የገበሬው ሚስት ሳል ጀመራት። ያን ቀን ከገደሉ የወረደው ነፋስ ይሁን፣ ዕድሜዋ ይሁን፣ የበሽታዋ ነገር ይሁን ማንም በእርግጥ አላወቀም። ሳሉ ወደ ደረቷ ወረደ። አጥሚቱን መዋጥ ተሳናት። ማሽላው ሳይታጨድ በባሏ ክንድ ላይ አረፈች። ስትቀበር አንዱ ዘመዷ፣ በነፋስ አውጥተህ የገደልካት አንተ ነህ አለው። ገበሬው እውነት ይሁን ሐሰት አላወቀም።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ሰንበት ወደ ጉባኤው እንደማይመጣ ሁሉም ገምተው ነበር። መጣ። ሐዘንተኛ ሆኖ፣ ራሱን ተላጭቶ ቆመና ያንኑ ተናገረ። ያን ቀን «ደግሞ ተነሡ» ያለ ሰው አልነበረም።

ሕጉ የወጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ጥለውት ሊሄዱ የማይቻል በሽተኛ ያለበት ቤት እንደ ቆፈረ ይቆጠር፤ ድርሻውን የቀረው ሕዝብ ይሸፍን፤ የሚያስታምመውም ሰው በቦይ ቀን ሳይደበቅ ይዋል፤ ደካማ ያለው ጎረቤት ቢፈልግ ወደ እርሱ አምጥቶ ያስጠብቅ ተባለ። ዳኛው በሕዝቡ ፊት ሲያውጀው ድምፁ ተሰበረ፤ ሌላ ሰው ተቀብሎ ጨረሰለት።

በአዲሱ ሕግ የመጀመሪያው የቦይ ቀን ሲደርስ፣ ለሕጉ የደከሙት ሁለቱ የሚያስታምሙት ሰው አልነበራቸውም። ገበሬው ዶማውን ይዞ ወጣ፤ ሴትዮዋም ወጣች። በየቤታቸው የቀሩትን አስታማሚዎች ድርሻ ጎን ለጎን ቆመው ቆፈሩ። በምሳ ሰዓት ሴትዮዋ ስንቋን ፈታች። ቂጣዋን ከመካከሉ ቆርሳ እኩሌታውን በፊቱ አኖረችለት። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም፤ እርሱም አልጠየቃትም። ቂጣውን በሉ፤ ተነሥተውም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

መሪጌታ ጽጌ ታሪኩን በዚህ ጨረሱ። ትርንጎ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ጠየቀቻቸው።

«ባይወስዳት ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

«አላውቅም» አሉ። «እርሱም ሳያውቅ ሞተ። ይህን ጥያቄ እስከ መቃብሩ ተሸክሞት ኖረ። ዋጋ አያስከፍልሽም፣ አይጎዳሽም ብዬ አልሸነግልሽም።»

ከዚያ ወደ እርሷ ዞር ብለው ፊት ለፊት አዩዋት።

«ልጄ ትርንጎ፣ ገበሬው አንቺ ነሽ። ዳኛው ያ ያዘነልሽ ሹም ነው። ከአጥር ማዶ ያለችውን ሴት እኔ አላውቃትም፤ አንቺ ግን ታውቂያታለሽ፤ አብራሽ የቆመች ናት። ኃጢአት ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። የደከመ ሰው እርዳታ መቀበሉ ኃጢአት አይደለም። ይህ እርዳታ ግን ዝም በዪ ተብሎ ነው የሚሰጥሽ። ለአንድ ቤት የተሰጠ ምሕረት የሚቆየው ሌላው ቤት እስካላወቀ ድረስ ነው፤ ሌላው ቤት ባለማወቁ የሚሆነውንም ሰማሽ። ደግሞም ሹሙ ነገ ቢሻር ምሕረቱ አብሮት ይሻራል፤ ደንብ ከሆነ ግን አንቺም ወንድምሽም ካለፋችሁ በኋላ፣ ስማችሁን የማያውቅ አስታማሚ ይኖርበታል።

«ስለዚህ ሂጂና ሹሙን አመስግኚው፤ መልካም ሰው ነውና አታሳፍሪው። ለእኔ በጓዳ ልትሰጠኝ ያሰብከውን ለሁላችንም በአደባባይ ስጠን በዪው። እምቢ ካለሽ ከሴቶቹ ጋር ቁሚ። ይሰለቹሻል፤ ቁሚ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ወንድምሽን ጠይቂው። የሚነገረው የእርሱ ገላ፣ የእርሱ ገበና ነው። የገበሬው ሚስት ይዩኝ ባትል ኖሮ፣ እርሱ ከደጁ ሊያወጣት መብት አይኖረውም ነበር።»